ቁጥሩ የየት ነው? የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ኅብረተሰብ ትምህርት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

«የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ጸደቀ» የሚል መልስ በተማሪ ደብተር ላይ ስታገኙ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሣታችሁ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። በእኛ 1987 ከሆነ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ነው። በአውሮፓውያን 1987 ከሆነ ደግሞ በደርግ ዘመን የወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ነው፤ እሱ በእኛ የካቲት 1979 ሥራ ላይ ዋለ። ቁጥሩ አንድ፣ መንግሥቱ ግን ሁለት። ልጁ አጥንቷል፤ ያጠናው ቁጥር የየት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም።

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ኅብረተሰብና ዜግነት ትምህርት ውስጥ የማየው ስሕተት አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። ዓመተ ምሕረት ከአቆጣጠሩ፣ ርቀት ከመስፈርቱ፣ ሥልጣን ከእርከኑ ተነጥሎ ይጠናል፤ ፈተናው ትንሽ ዞር አድርጎ ሲጠይቅ ሁሉም ይናዳል። ከዚህ በታች ያለው ለመምህራንና ማታ ማታ ከልጃቸው ጋር ደብተር ለሚገልጡ ወላጆች ነው። ምሳሌዎቹም ልጆቹ በእግራቸው ከሚያውቁት አገር የተወሰዱ ናቸው።

ዘመን

ልጆች «ስምንት ደምር» የሚለውን ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ደንቡ ሁለት ክፍል አለው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ላለ ቀን በዓመቱ ላይ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው 8 ይደመራል። የእኛ ዓመት በመስከረም ይለወጣል፣ የእነሱ በጃንዋሪ 1፤ ጃንዋሪ 1 ደግሞ በእኛ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ይሆናል፤ ከእሱ በፊት ያለው የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 አድርጎ ስለሚጨርስ።

ወንጌላዊውን ማወቅ ከባድ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 2015ን ብንወስድ 7515 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ነበረች።

ለመለማመጃ የወሎ ታሪክ ይበቃል። የውጫሌ ውል፣ ከሐይቅ አልፎ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈረመ። ሚያዝያ ከታኅሣሥ በኋላ ነውና 8 ሲደመር 1889፤ ቀኑም ሜይ 2 ነው። ንጉሥ ሚካኤል የተሸነፉበት የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው። ጥቅምት ከታኅሣሥ በፊት ስለሆነ 7 ይደመራል፤ ኦክቶበር 27 ቀን 1916። እዚህ ላይ 8 የደመረ ልጅ 1917 ይጽፋል። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ሥራ ላይ ዋለ። በእኛ ሁለቱም አንድ ዓመት ውስጥ ናቸው፤ በአውሮፓውያን የመጀመሪያው 1994፣ ሁለተኛው 1995 ነው። በአንዱ ጽሑፍ 1994፣ በሌላው 1995 ያነበበ ተማሪ «አንዱ ተሳስቷል» ይላል። የተሳሳተ የለም።

ጠያቂ ልጅ ካላችሁ ዓድዋን አሳዩት። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ሲደረግ ቀኑ በአውሮፓውያን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ላይ ነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ00 የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ሠግር (አንድ ቀን የሚጨመርበት ዓመት) አይሆንም፤ 1900 አልሆነም፣ በእኛ አቆጣጠር ግን ይህ ደንብ ስለሌለ በሁለቱ መካከል አንድ ቀን ተጨመረ። ከአውሮፓውያኑ 1900 በፊት የነበረ ድርጊት በዛሬ የቀን መቁጠሪያ ሲቀየር በአንድ ቀን የሚዛነፈው ለዚህ ነው።

ክፍለ ዘመን ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። 1881 ዓ.ም. 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ወስዶ አንድ መደመር። 1900 ግን ገና 19ኛው ነው፣ 20ኛው በ1901 ይጀምራል፤ ዜሮ የሚባል ዓመት ስለሌለ።

የጊዜ መስመር ላይ የሚታየው ጥፋት አንድ ነው፤ ድርጊቶቹን እኩል አራርቆ መደርደር። እንዲህ ከተሠራ መስመሩ ተራ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። በማስመሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ይሰመር፣ 1 ሴንቲ ሜትር 5 ዓመት ይሁን፣ መነሻው 1870። ዐፄ ዮሐንስ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ያደረጉት በ1870 ነውና ዜሮው ላይ ይቀመጣል። ውጫሌ 2.2 ላይ፣ ዓድዋ 3.6 ላይ፣ ሰገሌ 7.8 ላይ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ የደበደቡበት 11.6 ላይ፣ ጣሊያን የወጣበት 1933 ደግሞ 12.6 ላይ ይሆናል፤ የ1966 አብዮት 19.2 ላይ። ስሌቱ ከዓመቱ 1870 ቀንሶ ለ5 ማካፈል ነው። ሲጨርሱ ዓይን ራሱ ጥያቄ ያነሣል። ከውጫሌ እስከ ዓድዋ ያለው 1.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ውል በተፈረመ በ7 ዓመቱ ጦርነት እንዴት ተደረሰ? የምክንያትና ውጤት ትምህርት ከዚህ ቢጀመር ልጁ በራሱ ጥያቄ ይገባበታል።

ስለ ታሪክ ምንጮች አንድ ነገር ብቻ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው፤ ስለ አዳራሹ ዛሬ የተጻፈ ማብራሪያ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የ1966ቱን ረሃብ ያዩ አዛውንት ያዩትን ሲናገሩ የመጀመሪያ ደረጃ ናቸው፤ ስለ ሰገሌ ከአያታቸው የሰሙትን ሲናገሩ አይደሉም። ደረጃውን የሚወስነው ተናጋሪው ድርጊቱን ማየቱ እንጂ ዕድሜው ብቻ አይደለም።

ካርታ

መስፈርት፣ ስኬል የምንለው፣ ልጆችን የሚያስቸግራቸው በዜሮዎቹ ነው። 1፡50,000 ማለት በካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 50,000 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር 100,000 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለ100,000 ሲካፈል 0.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ1፡2,000,000 ካርታ ላይ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በአየር መስመር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በመጀመሪያው ካርታ 24 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 6 ሚሊ ሜትር። «ትልቅ መስፈርት የቱ ነው?» ሲባሉ ብዙዎቹ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ይመርጣሉ። ትልቁ መስፈርት 1፡50,000 ነው፤ ክፍልፋይ ነውና አካፋዩ ባነሰ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል።

ቀጥሎ «መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ካርታው ለምን 12 አለ?» የሚል ጥያቄ መምጣት አለበት፤ ካልመጣ አምጡት። ማስመሪያ ቀጥታ ርቀትን ይለካል፤ በሐረጎ የሚወርደው መንገድ ግን ቁልቁለቱን በቀጥታ ስለማይወርድ ይጠማዘዛል። መንገድ የሚለካው በልብስ ስፌት ክር ነው። ክሩን ከጠመዝማዛው ጋር እያጠፉ ማስኬድ፣ ጫፉ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ዘርግቶ በማስመሪያ መለካት። በትንሹ መስፈርት፣ በ1፡2,000,000 ካርታ ላይ፣ ጠመዝማዞቹ አይሣሉም፤ ስለዚህ ክሩም ቢሆን አሳጥሮ ይናገራል። ይህ የለኪው ጥፋት አይደለም።

ፎቶ ኮፒ ደግሞ ተጠንቀቁበት። የ1፡2,000,000 ካርታ በ200 ፐርሰንት ሲጎላ እውነተኛ መስፈርቱ 1፡1,000,000 ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን እንደ ነበረ ይቀራል። በመስመር የተሣለው መስፈርት ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያድግ ትክክል ሆኖ ይቆያል። ለፈተና የሚባዛ ካርታ ሁልጊዜ የመስመር መስፈርት ይኑረው፤ አለዚያ ክፍሉ በሙሉ እኩል ይሳሳታል።

የከፍታ መስመር፣ ኮንቱር፣ በቃል አይገባም። ሳፋ ውስጥ በጭቃ ተራራ ይሠራ፤ አንዱ ጎኑ ገደል፣ ሌላው ዘቅዘቅ ያለ። ጭቃው አንድ ሌሊት ይጠንክር፣ እርጥቡ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል። ከዚያ ውኃ በ2 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር እየጨመሩ፣ ውኃው የነካውን ዙሪያ በእንጨት መጫር። ውኃውን አፍስሶ ከላይ ወደ ታች ሲያዩት መስመሮቹ ገደሉ ጋ ተጠጋግተው፣ ዘቅዛቃው ጋ ተራርቀው ይታያሉ። የደሴው ተራራ ጦሳ በካርታ ላይ ለምን በመስመር እንደሚጠቁር፣ የኮምቦልቻ ሜዳ ለምን ባዶ እንደሚመስል ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ያመለክታል» የሚለው ትምህርት ለእኛ ግማሽ እውነት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ በሚያዝያ 11 እና በነሐሴ 17 አካባቢ። በእነዚህ መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሰኔ በጥላ ሰሜንን የፈለገ ልጅ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል ማለት ነው።

ሙከራው አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ክርና ጠጠር ይፈልጋል። ዘንጉ መቆሙን ጠጠር በታሰረበት ክር አረጋግጡ። ከ5፡50 እስከ 6፡50 በየ10 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ፤ አጭሩ ጥላ የሰሜንና የደቡብ መስመር ነው። አጭሩ ጥላ ልክ በ6 ሰዓት አይገኝም። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን እኛ ወደ 39.6 ላይ ነን፤ በዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ 21 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፣ እንደ ወሩም ከዚያ ከፍና ዝቅ ይላል። ሙከራው መስከረም 12 ወይም 13 ላይ ከተደረገ አጭሩ ጥላ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በወረቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 2 ሴንቲ ሜትር መሠረት ያለው ሦስት ማዕዘን ሥሎ የላይኛውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ሲለኩት 11 ዲግሪ ይወጣል፤ የከተማችን ኬክሮስ። የጥላው ልኬት በ1 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት መልሱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይስታል፤ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነውና በዚህ ዘንግ ደሴንና ኮምቦልቻን መለየት አይቻልም።

ከፍታው ግን ይለያቸዋል። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ለ650 ሜትር 4 ዲግሪ ይደርሳል። ወይና ደጋን ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ብለን ከወሰድን ኮምቦልቻ ወይና ደጋ፣ ደሴ ደጋ ነው። ሁለቱም ከምድር ወገብ እኩል መራቃቸው ለልጆቹ ይነገር፤ «ሙቀት ከኬክሮስ ብቻ ነው» የሚለው ሐሳብ እዚያው ይስተካከላል።

ውኃውም እንዲሁ። በደሴና በኮምቦልቻ የሚያልፈው ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከኩታበር ወዲያ ወደ በሽሎ የሚወርደው ግን ወደ ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ተፋሰስ ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ቅርብ ማስረጃ የለም።

ሥልጣን

ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ናት፤ ከተማዋ ግን የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት አላት። መቀመጫ መሆንንና በዚያ መተዳደርን ልጆች አንድ ያደርጓቸዋል። ለማለማመድ ዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ ዓይናቸው ያየውን ነገር «የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰፈር ኮብልስቶን የከተማው ነው። የልደት ምዝገባ በቀበሌ ይጀምራል። ፓስፖርት የፌዴራል ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም የፌዴራል ነው፣ ግቢው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቢሆን። በሐረጎ የሚያልፈው ዋና መንገድ ክልሎችን ስለሚያገናኝ የፌዴራል ነው፤ አየርና ባቡርም እንዲሁ፣ አንቀጽ 51 በግልጽ ዘርዝሯቸዋል። የክልሉን ለማወቅ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ 52 ማንበብ ነው።

ከፍተኛው የፈተና ወጥመድ ግን ሌላ ነው። «ሕግ ተርጓሚው ፍርድ ቤት ነው» የሚለው ልክ ነው፤ «ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ነው» የሚለው ስሕተት ነው። አንቀጽ 62 ይህን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን አጣርቶ ያቀርብለታል። የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ከሕግ አውጪ መደብ ውስጥ መጻፍም ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። የፌዴራል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ አባላቱ ከ550 አይበልጡም፣ የሥራ ዘመናቸውም 5 ዓመት ነው።

መብትን በሚመለከት አንቀጽ 19 በስሌት ይጠየቅ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሰኞ ከቀኑ 4 ሰዓት ላይ፣ ከፍርድ ቤት የ3 ሰዓት መንገድ ርቆ የተያዘ ሰው እስከ መቼ መቅረብ አለበት? ረቡዕ 4 ሰዓት ያለ ተማሪ ቁጥሩን ብቻ አጥንቷል። ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ያለው አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብቧል።