ካንተርበሪ፦ ሰማዕቱ ከወደቀበት እስካረፈበት

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ የተነሳው ፈጣን ባቡር በአንድ ሰዓት ገደማ ካንተርበሪ ዌስት አወረደኝ። ከቪክቶሪያ ጣቢያ የሚነሳው ካንተርበሪ ኢስት ያደርሳል፤ እሱ ይዘገያል። በዚህች ከተማ ካቴድራል ውስጥ ለተገደለው ሊቀ ጳጳስ፣ ለቅዱስ ቶማስ ቤኬት ብሎ ለሚመጣ ሰው ግን ዌስት የሚሻለው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ከጣቢያው አለፍ ብሎ፣ ከከተማው በር በተቃራኒ በኩል፣ የቅዱስ ደንስታን ቤተ ክርስቲያን አለ። ጁላይ 12 ቀን 1174 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ወደ ካቴድራሉ የተነሳው ከዚህ ነው። የቶማስ መቃብር ፊት ለንስሐ ተንበርክኮ ጳጳሳቱ አምስት አምስት፣ 80 የሚያህሉት መነኮሳት ደግሞ ሦስት ሦስት ጊዜ ገረፉት። ሌሊቱንም እህል ሳይቀምስ እዚያው አደረ።

ቶማስ የለንደን ነጋዴ ልጅ ነው። በ1155 የሄንሪ ቻንስለር፣ በእኛ አጠራር ጸሐፌ ትእዛዝ ሆነ። ንጉሡ ቤተ ክህነቱንም በወዳጄ እጅ ላድርገው ብሎ በ1162 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ አስደረገው። እስከዚያ ዲያቆን ነበርና ጁን 2 ቀን ቅስና ተቀብሎ በማግስቱ ጵጵስና ተሾመ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ያሰበው አልሆነም። ወንጀል የሠራ ካህን በንጉሥ ችሎት ይቀጣ ወይስ በቤተ ክርስቲያን በሚለው ተጣሉ፤ ቶማስ በ1164 ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ዲሴምበር 1 ቀን 1170 ሲመለስ የንጉሡን ልጅ ያለ እሱ ፈቃድ ዘውድ የጫኑትን ጳጳሳት ቀጥቶ ነበር። ጳጳሳቱ በፈረንሳይ ምድር ኖርማንዲ ላለው ሄንሪ አቤት አሉ፤ ንጉሡ በቁጣ የተናገረውን ትእዛዝ አድርገው የወሰዱ አራት ባላባቶች ባሕሩን ተሻገሩ።

ካቴድራሉ ውስጥ አብዛኛው ጎብኚ የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። ረጅሙን አዳራሽ አይቶ፣ መስኮቶቹን ፎቶ አንስቶ፣ የተገደለበትን ቦታ በመጨረሻ በጥድፊያ ያልፈዋል። እኔ የምመክረው አስከሬኑ የሄደበትን መንገድ መከተል ነው። ሕንፃውም ያሳስታል፦ አዳራሹ ቶማስ ከሞተ ከ200 ዓመት በኋላ እንደገና የተሠራ ነው፤ የመዘምራኑ ስፍራ ደግሞ በሴፕቴምበር 1174 ተቃጥሎ ነው የታደሰው።

መጀመሪያ ወደ ሰሜናዊው ክንፍ። ከመነኮሳቱ ግቢ የሚያስገባው በር እዚያ ነው። ዲሴምበር 29 ቀን 1170፣ በሠርክ ጸሎት ሰዓት፣ መነኮሳቱ ቶማስን እየገፉ ያስገቡት በዚህ በኩል ነበር። በሩን ሊቆልፉ ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ምሽግ አይደለም ብሎ ከለከላቸው። ባላባቶቹ ጎትተው ሊያወጡት ታገሉ፤ አልቻሉም። የመጀመሪያው ምት አናቱን ገምሶ ከአጠገቡ የቆመውን የካህኑን የኤድዋርድ ግሪምን ክንድ ክፉኛ አቆሰለ። የመጨረሻውን የመታው የሪቻርድ ለ ብረቶን ሰይፍ ጫፍ ከወለሉ ድንጋይ ተላትሞ ተሰበረ። አራቱም መቱት ሲባል ይሰማል፤ አራተኛው ሂዩ ደ ሞርቪል ግን ሕዝቡን ሲያግድ ነበር። ዛሬ ግድግዳው ላይ የብረት ሰይፎች ተሰቅለዋል። ሰይፎቹ ሁለት ናቸው፤ አራት የሚሞሉት ከነጥላቸው ነው። ስለዚህ ጥላቸው በደንብ የሚታይበት ቦታ ላይ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ ወደ ምድር ቤት ይወረዳል። ቶማስ ራሱ የሚያውቀው ሕንፃ በዋናነት የተረፈው እዚህ ነው፤ ዝምታ ይጠበቃል፣ ፎቶ ክልክል ነው። መነኮሳቱ ልብሱን ሲያወልቁ ከሥሩ ቅማል የወረረው ማቅ ያገኙት ከመቀበሩ በፊት ነው። አስከሬኑ በምሥራቁ ጫፍ እስከ 1220 ቆየ፤ ሄንሪ የተገረፈውም እዚያው ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር 3ኛ ቅድስናውን ያወጁት ገና በ1173 ነበር። (እኚህ አሌክሳንደር በ1177 ካህኑ ዮሐንስ ለሚባለው ንጉሥ ደብዳቤ የጻፉት ናቸው። አውሮፓ በኋላ ያንን ስም ለእኛ ነገሥታት ሰጠችው።) ተሳላሚዎች ከደሙ ጠብታ የተቀላቀለበትን ውሃ በትናንሽ የእርሳስና የቆርቆሮ ኮዳ ይዘው ይመለሱ ነበር። ጠበል በጀሪካን ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም።

ወደ ላይ የሚያወጡት ደረጃዎች መሐላቸው በተሳላሚ እግር ጎድጉዷል፤ ጠርዙን ይዞ መውጣት ይሻላል። ጁላይ 7 ቀን 1220 አፅሙ የፈለሰበት የሥላሴ ጸሎት ቤት ላይ አሁን የሚታየው ባዶ ወለልና አንዲት የምትበራ ሻማ ነው። ሄንሪ 8ኛ የአፅሙን ማደሪያ በ1538 አስፈርሶ ወርቁንና ዕንቁውን ወሰደ። ለአፅሙ የሚነገረው ግን ሁለት ነው፤ ተቃጠለ የሚል አለ፣ ተደበቀ የሚል አለ።

ዙሪያውን ያሉት፣ የቶማስን ተአምራት በባለ ቀለም መስታወት የሚያሳዩት የተአምራት መስኮቶች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ያለ ሩቅ ማሳያ መነጽር ይነበባሉ። ጊዜ ማጥፋት ያለብን ጆርዳን ፊትዝ ኢሱልፍ የተባለው ባላባት ታሪክ ላይ ነው። ልጁ በወረርሽኝ ሞተ፤ በቶማስ ውሃ ነቃ። አባትየው ስለት ተሳለ፣ ቀኑን ግን አሳለፈ። አንዱ መስታወት ላይ በቤቱ መሐል የተመዘዘ ሰይፍ የያዘ ሰው ቆሟል፤ ከፊቱ ስለቱ በመዘግየቱ ቅጣት የሞተው የሌላው ልጁ አስከሬን ተዘርግቷል። በመጨረሻው ላይ ጆርዳን ገንዘቡን መቃብሩ ላይ ያፈሳል። ስለቱ ገባ።

መግቢያው ይከፈልበታል፤ እሑድ ጠዋት ጸሎት ስላለ ለጉብኝት ከሰዓት ነው የሚሻለው። ለሠርክ ጸሎት የሚገባ አይከፍልም። ካቴድራሉ የአንግሊካን ነው። ከቶማስ የተረፈ ቅዱስ ቅርስ ፊት መጸለይ የፈለገ ካቶሊክ በበርጌት መንገድ ላይ ወዳለው የቅዱስ ቶማስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ ከካቴድራሉ በር በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።