የአባዬ መላጊያ

አባዬ የቀድሞ ወታደር ነበር። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያወርድና እንጨት መለካት ይጀምራል። በቃ፣ መልሱ ያ ነው።

ስለ እንጨት ከሆነ ግን ማን ያስቆመዋል! ከመላጉ በፊት የእንጨቱ መስመር ወዴት እንደሚሄድ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። «በተቃራኒው ከላግከው ይቦጨቅብሃል» ይለኛል። የጠረጴዛ ገበታ ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰር አይወድም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ መላወሻ ካጣ ይሰነጠቃል። ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው 80 ቁጥር ጀምሮ፣ በ120 አልፎ፣ ለስላሳው 220 ላይ ይጨርሳል። እኔ 120ን ስዘል ሁሌ ይነቃብኝ ነበር። እንዴት እንደሚያውቅ እንጃ።

አንድ ቀን ብቻ ክፉኛ ጮኸብኝ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ ላይ ጥዬ ነበር። እንዲህ ያለ ጨርቅ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ማታ ራሱ መጥቶ ብርድ ልብሴን አስተካከለልኝ።

በቁርጥራጭ ጣውላ ላይ እማዬን ይስላታል። አፍንጫዋን ሁሌ ያስረዝመዋል፤ እሷም ሁሌ ትቆጣለች።

የጀመረው ወንበር አሁንም ሦስት እግር ነው ያለው። ለአራተኛው በመረጠው እንጨት ላይ በእርሳስ «ቀስ» ብሎ ጽፏል። እስካሁን አልነካሁትም።