ከአፍዴራ በመጣ አንድ ፌስታል አመድ እሳተ ገሞራን እንዴት አስተማርኩ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ፣ አፋር ክልል ውስጥ ከኤርታሌ በስተደቡብ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በተመዘገበ ታሪክ ይህ ተራራ ሲፈነዳ ያየ ሰው አልነበረም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ፓኪስታንና ሕንድ ዘለቀ፤ ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ወሬውን ጨርሰው ጠበቁኝ። ስልካቸው ላይ ካሳዩኝ ምስሎች ውስጥ የሌላ አገር እሳተ ገሞራ የሆኑም ነበሩበት፤ እነሱን መለየት ራሱ የመጀመሪያው ሥራችን ሆነ። ተራራው የሚገኝበት ወረዳ አፍዴራ በረሃ ነው፤ ዙሪያው ለምለም ደን ከታየ ምስሉ ከዚያ አይደለም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያሳሰበኝ ግን አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር የጠየቀችኝ ነው፦ «መምህር፣ ይሄ ነገር መጪውን ክረምት ያስቀረዋል?» ወሎ ውስጥ ስለ ዝናብ የሚነሳ ጥያቄ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዛሬም በየቤቱ ይነገራል። ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፍ ለጊዜው አቆይቼ ለዚህች ልጅ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ለማዘጋጀት ተነሣሁ። አካሄዴንም ከመሬት ወደ ሰማይ እንዲሆን ወሰንኩ፦ አስቀድሞ አመዱ ሰውና ከብት ላይ የሚያደርሰው፣ ቀጥሎ ጋዙ አየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው። ሁለቱን ነጣጥሎ ማስተማር ከምንም በላይ እንደጠቀመኝ አሁን ላይ ሆኜ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ልጆቹን ያስፈራቸው የአመዱ ደመና ነበር፤ አየር ንብረትን የሚለውጠው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው።

የአንድ ተማሪ አባት ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ከመኪናው ሸራ ላይ ያራገፈውን አመድ በፌስታል ቋጥሮ ላከልን። ከኮሮና ዘመን የተረፉ ጭምብሎች አድርገን፣ እንዳይቦን ውሃ ረጨት አድርገንበት ከፈትነው። ከምድጃ አመድ ጋር የሚመሳሰለው በመልኩ ብቻ ነው። ጣት ላይ ይቆረቁራል፤ ውሃ ውስጥ ቢበጠብጡት አይሟሟም፣ ይዘቅጣል። ከባዮሎጂ ክፍል በተዋስኩት ማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠርዛቸው እንደ ተሰበረ ጠርሙስ የሾለ፣ አንዳንዱም ብርሃን የሚያሳልፍ ቅንጣቶች ናቸው። ቀልጦ የነበረ ድንጋይ ውስጡ ያለው ጋዝ በድንገት ሲፈነዳ በታትኖት በቅጽበት የቀዘቀዘ ነውና እውነትም ብርጭቆ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይንና ሳንባ ለምን እንደሚጎዳ፣ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ገብቶ ዳግመኛ ሲቀልጥ ለምን ሞተሩን እንደሚያንቅ ማብራራት አላስፈለገኝም። ልጆቹ ራሳቸው ነገሩኝ።

ሁለት ቀላል ሙከራዎች ሠራን። ለአንደኛው ከጋራዥ የባትሪ ውሃ ገዛሁ፤ የተጣራ ስለሆነ ለዚህ ዓይነት ሥራ ይመቻል። አመዱን ዘፍዝፈን ካሳደርነው በኋላ አሲድ ሲነካው የሚቀላ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ስንነክርበት ወደ ቀይ አደላ። አመዱ ከተራራው ሲወጣ አሲድ የሆኑ ጋዞች ላዩ ላይ ይጣበቃሉ፤ ውሃ ሲነካው ይለቃሉ። አብሯቸው ከሚለቀቀው መካከል ፍሎራይድ አንዱ ነው። የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ጥርስ የሚበልዘው በዚሁ ንጥረ ነገር ብዛት ስለሆነ ተማሪዎቹ ስሙን ያውቁት ነበር። አመድ የለበሰ ሣር የሚግጥ ፍየል ወይም ግመል አመዱንም ፍሎራይዱንም አብሮ ይውጣል። ከሃይሊ ጉቢ ፍንዳታ በኋላ የሰው ሞት ባይነገርም የአካባቢው ባለሥልጣናት አጥብቀው ያነሡት የግጦሽ ነገር ነበር፤ አርብቶ አደሩ ከብቱ የሚበላው አጣ። ከብቱ ገንዘቡም ምግቡም ነው። በዜና ላይ «የሞተ የለም» ተብሎ ሲታለፍ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ክብደት ነበር። አንድ ሲኒ ደረቅ አመድ መዘንን፤ ውሃ አጠጥተን እንደገና መዘንን። ልዩነቱን ያዩ ልጆች የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1991 ሲፈነዳ የሆነውን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። በዚያው ዕለት ከባድ አውሎ ነፋስ ዝናብ ይዞ ደረሰና አመዱ ርሶ ጣሪያ ላይ ተጫነ፤ ብዙ ሰው የሞተው በተደረመሰ ጣሪያ ሥር ነው። የረጠበ አመድ አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢከመር በአንድ ካሬ ሜትር ከመቶ ኪሎ ያላነሰ ይሆናል። የእኛን የቆርቆሮ ክዳንና የባሕር ዛፍ ማገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

ወደ ሰማዩ ስንመጣ የተማሪዬ ጥያቄ ተራው ደረሰ። አየር ንብረትን የሚነካው በዋናነት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ዝናብ ከሚፈጠርበት የአየር ንብርብር በላይ፣ ስትራቶስፌር ውስጥ ከገባ ወደ ጥቃቅን የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታዎች ይለወጣል፤ ጠብታዎቹም አንድና ሁለት ዓመት እየተንሳፈፉ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ሕዋ ይመልሳሉ። ከዚያ በታች ከቀረ ዝናብ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ያጥበዋል። በእኛ አካባቢ ይህ ወሰን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፒናቱቦ ከ15 ሚሊዮን ቶን ያላነሰ ጋዝ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወርውሮ በቀጣዩ ዓመት የዓለምን አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ አደረገ። ጎረቤታችን ናብሮ ኤርትራ ውስጥ ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲፈነዳ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ለቆ፣ ከዚያም የተወሰነው ስትራቶስፌር ደርሶ፣ በዓለም አየር ንብረት ላይ ያስከተለው ለውጥ እምብዛም አልነበረም። ሃይሊ ጉቢ ደግሞ ከናብሮ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ሣልኳቸው። ልጅቷ ሥዕሉን አይታ «እንግዲያው ክረምቱን አያስቀረውም» አለች። መልሱን ራሷ ማግኘቷ ደስ አሰኘኝ።

ነገር ግን እዚያ ላይ ማቆም አልፈለግሁም፤ ጥያቄዋ ከሥሩ ትክክል ነበርና። ከእኛ እጅግ የራቀ እሳተ ገሞራ ክረምታችንን ነክቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው ስንጥቅ ተከፍቶ እስከ ቀጣዩ ዓመት የካቲት ሲተፋ ቆየ፤ የለቀቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 120 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይገመታል። በአገሩ አብዛኞቹ በጎች በፍሎራይድ ተመርዘው አለቁ፤ በተከተለው ረሃብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛው ገደማ ሞተ። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሞቃቱ ወራት፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ሲቀዘቅዝ፣ የእኛን ክረምት የሚያመጣው በየብስና በባሕር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጠበበ። ዝናብ አዘሉ ነፋስ ደከመ፤ ዓባይ ጎደለ፤ ግብጽ ተራበች። ከግብጽ የዓባይ ሙላት መዝገብ የሚታወቀውን ነገር የአየር ንብረት ሞዴል፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራ ስሌት፣ ሲያስረዳው ማየት ለእኔ ከዚህ ሙያ ትልቅ ደስታዎች አንዱ ነው። የዓባይ ውሃ አብዛኛው ከደጋችን የሚወርድ ስለሆነ ያን ዓመት እኛ ዘንድም ዝናቡ እንዳጠረ ወንዙ ይመሰክራል።

ይህን ትምህርት እንደገና ለሚያዘጋጅ መምህር የምለው አለኝ። በከብቱ ጀምር፤ ላኪ ላይ ስትደርስ የበጎቹ ሞት ከአፋር ፍየል ጋር ያለ አስታራቂ ይገናኛል። ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠይቅ አይጠፋምና መልሱን አዘጋጅተህ ግባ፦ የዓለም እሳተ ገሞራዎች በዓመት የሚለቁት ሰው ከሚለቀው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። አመዱን ግን አሳይ፤ በሥዕል ብቻ አታስተምር። እኛ ፌስታሉን ገና ሳንከፍተው ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

በመጨረሻ ተማሪዎቹ አንድ ገጽ መመሪያ ጻፉ፤ አፋርኛ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባዬ ተረጎመው፤ ሹፌሩም አባት ይዞት ወደ አፍዴራ ሄደ። አመድ መውረድ ሲጀምር ቢርካውን (የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዱን) እና በርሜሉን ክደን፤ ከጣሪያ ውሃ የሚያወርደውን አሸንዳ ከማጠራቀሚያው ንቀል። አፍንጫህን ሸፍን፤ ዓይንህን አትሽ። ሣር ቆርጠህ የምታበላ ከሆነ አራግፈህ፣ ውሃ ካለህም አጥበህ ስጥ። ጣሪያ ላይ የተከመረውን ዝናብ ሳይመጣ ጥረገው፤ እንዳይቦን ረጨት አድርግበት እንጂ አታርሰው። ደካማ ጣሪያ ላይ ግን አትውጣ፤ በረጅም እንጨት ከታች ሆነህ አውርደው።