ከጣርማበር ቁልቁል እስከ ባሕሩ

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጆሮዬ ይደፈናል። ምራቄን ስውጥ ይከፈታል። ጅቡቲ መጀመሪያ ባሕር ውስጥ የጠለቅኩ ቀን ያው ስሜት መጣ፤ ያውም ሁለት ሜትር ሳልወርድ። አፍንጫዬን ይዤ ቀስ ብዬ ነፋሁ፤ ተከፈተ። የደብረ ብርሃን ልጅ ለዚህ እንግዳ አይደለም አልኩ በሆዴ።

እናቴ ስትሰማ ግን "ባሕር ውስጥ ምን ጠፍቶብህ ነው?" አለችኝ።

ያኔ ጅቡቲ ሆቴል ውስጥ እሠራ ነበር። የጠላቂነት ብቃት ማረጋገጫ ካርዶቼን አንድ በአንድ ጨርሼ የጠለቃ አስተማሪ ልሁን ስል ጣጣው መጣ። ጠላቂ አሠልጥነው ካርድ ከሚሰጡት ድርጅቶች የትኛው? ሲማስ በፈረንጆቹ 1959፣ ፓዲ በ1966፣ ኤስኤስአይ በ1970 የተቋቋሙ ናቸው። ሁሉም ደጋፊ አላቸው። ክርክሩ የቡናና የጊዮርጊስ ነው።

ሳወዳድር ከረምኩ። ፓዲም ሆነ ኤስኤስአይ ለጀማሪ የሚሰጡት ካርድ እስከ 18 ሜትር ነው፤ ትምህርቱም ብዙ አይለያይም። የሚለያዩት አሠራራቸው ላይ ነው። የኤስኤስአይ አስተማሪ ከአንድ ማዕከል ጋር ካልተያያዘ አያስተምርም። በፓዲ በግል መሥራት ይቻላል። እኔ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ዛንዚባር ማለት የምወድ ሰው ስለሆንኩ ልቤ ወደ ፓዲ አዘነበለ። አንድ ቦታ ተቀጥሮ ረግቶ ለሚሠራ ግን ያኛው ምንም አይጎድለውም።

ድርጅቱን መረጥኩ፤ ትምህርት ቤቱ ላይ ተሸወድኩ። ርካሽ ያሉኝ ጋ ሄጄ ቀብድ ከፈልኩ። በኋላ ሳይ የፈተናው ክፍያ ለብቻ፣ መጽሐፉ ለብቻ፣ ዓመታዊ አባልነቱ ለብቻ። ሲደመር ከውዱ በለጠ። ቀብዴም በዚያው ቀረ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ "ሁሉንም ደምረው በወረቀት ይስጡህ" እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ለየትምህርት ቤቱ አንድ ጥያቄ ይዤ ዞርኩ። "አገሬ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከጠለቅኩ በኋላ ስንት ሰዓት ቆይቼ ልውጣ?" ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከጠለቃው ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። ቀልድ አይደለም። አንዱ "ችግር የለውም፣ ሂድ" አለኝ። እኔም ሄድኩ፤ ከእሱ ዘንድ። ሌላዋ መጽሐፏን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት እንደሚጠብቅ አሳየችኝ። "አንተም ተራራው ላይ ለመውጣት ከዚያ አታሳንስ" አለች። እሷ ጋ ተመዘገብኩ።

ፈታኙን የሚልከው ፓዲ ነው፤ አስተማሪዬ ብትወደኝም አታሳልፈኝም። ኮርሱን ለመጀመር 60 ጠለቃ፣ ለፈተናው 100 መመዝገብ ያስፈልጋል። የእኔ መዝገብ 71 ላይ ነው። ለፋሲካ ቤት ስገባ እናቴ ደግማ መጠየቋ አይቀርም።