ጥፋቱ የአንቲቦዲው መስሎኝ ነበር

ባሕር ዳር ላይ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ የማግኘት ዘዴ) ስጀምር ትልቁ ስጋቴ መብራት ነበር። ክረምት ላይ ከጣና በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ልቤ ፍሪዘሩ ጋ ነው። አንቲቦዲው፣ ማለትም የምፈልገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝልኝ ሌላ ፕሮቲን፣ ደርቆ በዱቄት መልክ ስለመጣ መንገዱን በሰላም ጨርሷል። ፈተናው በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ነው፤ እየረጋ እየቀለጠ ከተመላለሰ ይበላሻል። ስለዚህ ያኔውኑ አሥር አሥር ማይክሮሊትር አድርጌ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፈልኩት። ዙሪያውን በረዶ ደረደርኩበት።

የምፈልገው ኬቪ 2.1 የሚባለውን የፖታሲየም ቻናል ነው። ፖታሲየምን ወደ ውጭ እያስወጣ የተነቃቃ ነርቭ የሚያረጋጋ በር ነው። ከአሚኖ አሲዶቹ ሲሰላ ክብደቱ 95 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ገደማ ይሆናል። አንጎል ውስጥ ግን ብዙ ፎስፌት ስለሚለጠፍበት ፕሮቲኖቹ በሚለዩበት ጄል ላይ ከ110 በላይ፣ ሰፋ ብሎ ይታያል።

የእኔ ባንድ (ፕሮቲኑ ያረፈበት መስመር) 100 አካባቢ ቁጭ አለ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ፕሮቲኖቹ ከጄሉ የሚዛወሩበትን ስስ ሜምብሬን፣ አንቲቦዲው ያለቦታው እንዳይጣበቅ የምሸፍንበትን የዱቄት ወተት ከሰፈር ሱቅ ስለገዛሁት እሱን ጠረጠርኩ። ቀየርኩት፤ አሁንም ያው። አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን እየያዘ ነው ብዬ ደመደምኩ። አዲስ እንዲገዛ ደብዳቤ ልጽፍ ስል፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን ባንዱ የታየበትን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት።

«አይጡ ከሞተ በኋላ አንጎሉ በረዶ ላይ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?»

ቆጥሬ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ሰዓት ይዘን ቆጠርን፤ ስምንት ደቂቃ!

ኦክስጅን ሲቋረጥ ነርቮች ከዚህ ቻናል ላይ ፎስፌቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያራግፉታል። አይጡን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መግደልም ያንኑ ያመጣል። አንቲቦዲው እውነቱን ነበር የነገረኝ፤ ናሙናዬ ነው የተለወጠው።

ከዚያ በኋላ ለሁለት መሥራት ጀመርን። መቀሱ፣ ቲዩቡ፣ ፎስፌቱ እንዳይራገፍ የሚከላከል ሶዲየም ፍሎራይድ ያለበት በፈር (ናሙናው የሚገባበት ፈሳሽ)፣ ሁሉም ቀድሞ በረዶ ላይ ይቀመጣል። ከአንድ ደቂቃ በታች ገባን። ባንዱም ወደ ላይ ወጣ። ለማረጋገጥ ከሌላ ትኩስ ናሙና ግማሹ ላይ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለውን ፎስፌት የሚያራግፍ ኢንዛይም ጨመርኩበት። (ለዚህኛው ፍሎራይዱ አይጨመርም፤ ኢንዛይሙን ሊያዳክመው ይችላል።) ባንዱ ተመልሶ ድሮ የነበረበት ቦታ ወረደ። ቻናሉ ይኖርበታል ብዬ ከማልጠብቀው ከጉበት ወስጄ በጎን የጫንኩት ናሙና ባዶ ነው። ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ፣ ግን አልራበኝም።

ብዙ ሰው አንቲቦዲውን ከተሠራበት ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ጋር ቀላቅሎ ባንዱ ሲጠፋ ይረካል። ለእኔ ይህ ብቻውን አይበቃም። በስህተት የሚይዘውም ፕሮቲን አብሮ ሊጠፋ ይችላላ! ይህን ቻናል የሚሠራው ጂን የጠፋበት አይጥ ቢኖር ከሁሉም ይሻል ነበር፤ እኛ ጋ የለም።

አሁን ያው አንቲቦዲ በአንጎል ቁራጭ ላይ እየተሞከረ ነው። ቻናሉ በነርቮቹ አካል ላይ ተሰባስቦ ነጠብጣብ መሥራት አለበት። ሰባት ቲዩብ ቀርቶኛል፤ ለዚህ ሁለቱን አውጥቻለሁ።