ከዴንቨር ፖርትላንድ፦ ማደሪያ ፍለጋ

ሐሙስ ማታ ካርታ ዘርግቼ ስቀመጥ ባለቤቴ «መንገዱን እኮ በቃልህ ታውቀዋለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዴንቨር ወደ ሰሜን እስከ ሻየን፣ ከዚያ በ80 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ዩታ ውስጥ ወደ 84 ቁጥር ታጥፎ እስከ ፖርትላንድ፤ 1,250 ማይል ገደማ። እኔ የምፈልገው የምተኛበትን ነው። በአሜሪካ የከባድ መኪና ሹፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ 14 ሰዓት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውስጥ መንዳት የሚችለው 11ዱን ብቻ ነው። ሰዓቱን የሚቆጥረው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ስለሆነ ልመና አይሰማም። በጅቡቲ መስመር ስድስት ዓመት ስሠራ ግን የመሸብኝ ቦታ አድር ነበር፤ ሚሌ ከሆነ ሚሌ፣ ሰመራ ከሆነ ሰመራ።

ስለዚህ ጻፍሁ፦ የመጀመሪያው ሌሊት ዋዮሚንግ ውስጥ ኢቫንስተን፣ ሁለተኛው ኦሪገን ውስጥ ቤከር ሲቲ። ጾመ ነቢያት ስለገባ ሽሮ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ያዝሁ። በየማደያው ለጾመኛ ከድንች ጥብስ ሌላ ብዙ አይገኝም።

እቅዴ ከከተማ ሳልወጣ ፈረሰ። መጋዘኑ የቀጠረኝ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ጭኖ የለቀቀኝ 4 ሰዓት ተኩል ላይ። የበለጠ ያናደደኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ «በሥራ ላይ» ብዬ መዘገብሁት። ከኋላዬ ያለው አልጋ ላይ ወጥቼ «ዕረፍት» ብለው ኖሮ፣ ከሌሊቱ መኝታ ጋር ተዳምሮ ከ14ቱ ላይ ባልተቆረጠብኝ ነበር። ደንቡን ለጀማሪዎች የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ!

ሚዛን ላይ ስወጣ ጠቅላላ ክብደቱ ከ80,000 ፓውንድ በታች ነው፤ የጎታቹ የኋላ ጎማዎች ግን 34,600 ተሸክመዋል። የሚፈቀደው 34,000 ነው። መፍትሔው የተሳቢውን ጎማዎች በማስተካከያው ሁለት ቀዳዳ ያህል ወደ ፊት ማምጣት ነበር፤ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ማቆሚያ ብረት ግን ዝጎ እንቢ አለ። አንዱ ብረቱን ሲስብ ሌላው መኪናውን ወዲህና ወዲያ ማነቃነቅ አለበት። አገር ቤት ቢሆን ረዳቴ ሳልጠራው ከሥር ገብቶ ነበር። እዚህ ሹፌሩም ረዳቱም እኔው ነኝ።

ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ስወጣ ያየኝ ጥምጣም ያሰረ የፑንጃብ ሹፌር ምንም ሳይጠይቀኝ መጥቶ ብረቱን ያዘ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ከዚያ ሻይ ካላፈላሁልህ አለ። ሻያቸው ከወተት ጋር ነው የሚፈላው፤ ጾም ላይ መሆኔን ስነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለተኛም አልጎተጎተኝም። እኛ ብንሆን «በሞቴ» እያልን ስንገዘት እንውል ነበር። ዳቦ ቆሎ በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ሄደ።

ከላራሚ በኋላ ኤልክ ማውንቴን ላይ ነፋሱ ተነሣ። የመንገዱ ሰሌዳ ቀላል ጭነት የያዙ ረጃጅም ተሳቢዎች እንዳያልፉ ይከለክላል። ጠዋት ሚዛን ላይ ያማረርሁት ክብደት እዚህ አሳለፈኝ፤ ግን በዝግታ፣ መሪውን እንደ በሬ ቀንድ ጨብጬ። ሮክ ስፕሪንግስ ስደርስ ምሽት 1 ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ከ14ቱ ሰዓት የቀረኝ 45 ደቂቃ ነው። ኢቫንስተን 100 ማይል ይቀራል። ማደያዎቹ ሁሉ ሞልተዋል። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ መብራትም መጸዳጃም በሌለው ጭቃማ ግቢው ውስጥ ለማደር 35 ዶላር አስከፈለኝ። ተከራከርሁት፤ ሰዓቴን አይቶ ፈገግ አለ። አጠገቤ የቆመው የማቀዝቀዣ ተሳቢ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ፣ ነፋሱም አልጋዬን ሲወዘውዝ ነጋ። ሚሌ ላይ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ በሙቀት ስንገላታ ያደርሁባቸው ሌሊቶች ናፈቁኝ ብል ውሸት ነው፤ ግን የሚያስከፍለኝ አልነበረም።

ዩታንና አይዳሆን በአንድ ቀን አለፍኋቸው፤ ቤከር ሲቲ ገብቼ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ከፔንድልተን በፊት ያለው ካቤጅ ሂል ስድስት በመቶ ቁልቁለት አለው፤ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጣርማ በርን በጭጋግ የወረደ ሰው አይደነግጥም ብዬ በኩራት ጀመርሁት፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ማርሹን ይበልጥ ቀነስሁ።

ፖርትላንድ ቀጠሮዬ ቀን 7 ሰዓት ነበር። በመሣሪያው ልክ 7 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆምሁ። ጥበቃው ቀጠሮህ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል አለኝ። መሣሪያው የዴንቨርን ሰዓት እንደያዘ ነው፤ ፖርትላንድ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ግቢ ውስጥም መንገድ ዳርም መጠበቅ ክልክል ስለሆነ ያን ሁሉ ማይል የመጣውን ጭነት ይዤ በፋብሪካዎቹ ዙሪያ ስሽከረከር ቆየሁ።

አራግፌ ስወጣ 10 ሰዓት ሆኗል። ጭነት መዳቢው መልእክት ልኮልኛል፦ ታኮማ፣ ነገ ረፋድ። ሞተሩን ሳላስነሣ ካርታውን ከፈትሁ፤ የማታው ቦታ ገና አልሞላ ይሆናል።