በሩ ከመስኮቱ ሥር

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ከምንም በላይ ያስጨነቀኝ የተማሪዎቼ ዝምታ ነው። ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባሉ ይሞላሉ፤ ተነሥታችሁ ተናገሩ ሲባሉ ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር፣ ይህ ዝምታ ፊዚክሱንም ታሪኩንም ይዘጋባቸዋል።

ሉዋንቲ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን ያስገባሁት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ማይንቴስት ተብሎ የተጀመረና በ2024 ስሙን የቀየረ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ ተጫዋቹ ኩብ በኩብ ላይ እየደረደረ ቤትና መንደር ይሠራበታል። ተመሳሳይ ጨዋታ የሆነው ማይንክራፍት ከ2016 ጀምሮ የትምህርት እትም ቢኖረውም ፈቃዱ በክፍያ ነው፤ ሉዋንቲ ግን ያለ ኢንተርኔት፣ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር (ጨዋታውን ለሌሎቹ የሚያስተናግድ) አድርጎ ሌሎቹን በኬብል በማገናኘት ይሠራል።

መጀመሪያ እንዲሁ ተጫወቱ ብዬ ለቀቅኳቸው፤ በአማርኛ እያወሩ ደስ የሚል መንደር ሠሩ፤ እንግሊዝኛ ግን አልተነፈሱም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ የሚያስፈልጋቸው ነገር አላዘጋጀሁላቸውም። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኙበት በባቲ የሰኞ ገበያ ሰው የሌላውን ቋንቋ የሚለምደው መሸጥና መግዛት ስላለበት ነው።

ስለዚህ ያንኑ ገበያ እንዲሠሩ አዘዝኩና ጥንድ ጥንድ አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ አንዱ ንድፉን ይዞ በእንግሊዝኛ ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ንድፉን ሳያይ ማውዙን ይዞ የሰማውን ይሠራል። አንዲት ዝምተኛ ተማሪ «በሩን ከመስኮቱ አጠገብ» ለማለት ፈልጋ «አንደር» (ሥር) አለች። ከመስኮቱ በታች ያለው ቦታ ለበር ቁመት ስለማይበቃ፣ ማውዙን የያዘው ልጅ መሬቱን ቆፍሮ በሩን ጉድጓድ ውስጥ ተከለው። ስክሪኑን እንዳየች «ኖ! ቢሳይድ! ቢሳይድ ዘ ዊንዶው!» ብላ ጮኸች። ያንኑ ስሕተት ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስንት ጊዜ እንዳረምኩት አውቃለሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ የተተከለው በር ግን በአንድ ጊዜ አስተካከለላት።

በቃላት በኩል ጨዋታው ብዙ ይጎድለዋል፤ የገበያውን ጨው፣ በርበሬና ግመል ስም ከጨዋታው በፊት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስጠናት ነበረብኝ። ኮምፒውተሮቹም ስለማይበቁ ክፍሉን በሦስት ዙር ከፍዬ ነው የማስተምረው። ዙሩ ያልደረሳቸው ተማሪዎች እስከዚያው በካሬ ወረቀት ላይ የየራሳቸውን ንድፍ ያዘጋጃሉ፤ ያቺ ተማሪም በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛዋን የምታሠራውን ባለ ሁለት በር ሱቅ እየሣለች ናት።